ኬሚስቱ ዋይዝማንና የበቆሎዋ ባክቴሪያ



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ልባችን የሚወዳቸውን ሰዎች ነው። የዛሬው ባለታሪክ እንደዚያ አይደለም። ኻይም ዋይዝማንን ብዙዎቻችን የምናውቀው የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በመሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ግን የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ባዮቴክኖሎጂ የሚማሩ ጓደኞቻችን ስሙን የሚያገኙት ጭራሽ በሌላ ምዕራፍ ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያንን በትልቅ ጋን እያራቡ ለፋብሪካ የሚሆን ኬሚካል የማምረት ሥራ ታሪክ ሲወሳ ከፊት ከሚጠሩት አንዱ እሱ ነው።

ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ወሬም አለ። እንግሊዝ ፍልስጤምን ቃል የገባችው ዋይዝማን በጦርነት ጊዜ ለሠራላት አሴቶን ዋጋ ነው ይባላል። ወሬው በዶርም ጨዋታ ላይ ሳይቀር ይነሳል፤ እንደ እውነትም ይያዛል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ማየት መርጠናል። የማንወደውን ሰው ታሪክም ቢሆን በሚዛን መናገር አማና ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋይዝማን የተወለደው በ1874 ሞታል በምትባል ትንሽ መንደር ነው። መንደሯ ያኔ በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ የእንጨት ነጋዴ ነበር፤ እንጨቱን በወንዝ እያንሳፈፈ ይሸጣል። በቤቱ ብዙ ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን የዛሩ መንግሥት አይሁዶች የሚኖሩበትን ቦታ በሕግ ገድቦ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትንም በኮታ ይወስናል። ስለዚህ ፒንስክ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደጨረሰ በ1892 ወደ ጀርመን ተሻገረ። መጀመሪያ ዳርምሽታት፣ ከዚያ በርሊን ተማረ፤ ለኑሮው የሚሆነውን ሳንቲም በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ እያስተማረ ያገኝ ነበር። በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ከፍሪቡር ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክትሬቱን ያዘ። ሙያው የማቅለሚያ ኬሚስትሪ ነበር። የአይሁድ መንግሥት እናቋቁም በሚለው የጽዮናውያን ንቅናቄ ውስጥ የገባውም በዚሁ የተማሪነት ዘመኑ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ኖረ።

በ1904 ወደ እንግሊዝ፣ ማንቸስተር መጣ። እንግሊዝኛው ደካማ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው የሰጠውም ምድር ቤት ውስጥ ያለ ጨለምለም ያለ ላብራቶሪ ነው። ከዚያች ምድር ቤት ተነስቶ መምህር ሆነ፤ ቬራ የምትባል ሐኪም አገባ፤ በ1910 የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ።

አሁን ወደ ባክቴሪያዋ እንምጣ። በ1910 አካባቢ የተፈጥሮ ጎማ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። በለንደን የነበረ አንድ ድርጅት ሰው ሠራሽ ጎማ እንሥራ ብሎ ተነሳና የማንቸስተሩን ፕሮፌሰር ፐርኪንን፣ ከፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ፌርንባክን፣ ከነሱም ጋር ዋይዝማንን አሰባሰበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቡታኖል የሚባለው አልኮል አራት ካርቦን አለው። ከእሱ ቡታዳየን ይሠራል፤ ቡታዳየኑን አያይዞ በመቀጠል ደግሞ ጎማ ይገኛል። ችግሩ ቡታኖሉ ራሱ ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስታርችን ሲያብላሉ ቡታኖል እንደሚያወጡ ከፓስተር ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ዋይዝማን ግን የማቅለሚያ ኬሚስት እንጂ የባክቴሪያ ሰው አልነበረም። ፓሪስ እየተመላለሰ የረቂቅ ተሕዋስያንን ሥራ እንደ ጀማሪ ተማሪ ከመጀመሪያው ተማረ። ዲፓርትመንታችሁን የሚሻገር ነገር ለማጥናት የምታመነቱ ካላችሁ ይህችን ነጥብ ያዟት።

ፌርንባክ ያገኛት ባክቴሪያ ድንች ላይ ትሠራለች፤ በቆሎ ላይ ግን አይሆንላትም። በ1912 በገንዘብና በድርሻ ጉዳይ ጠብ ተነሳና ዋይዝማን ከቡድኑ ወጣ። ፐርኪን ወደ ኦክስፎርድ ሲሄድም ወንበሩ ለእሱ ሳይሰጥ ቀረ። ብቻውን ሆኖ ከአፈርና ከእህል ባክቴሪያዎችን እየለየ ፍለጋውን ቀጠለ፤ በመጨረሻም የበቆሎን ስታርች በቀጥታ የምታብላላ አንዲት ዘር አገኘች እጁ። በኋላ ክሎስትሪዲየም አሴቶቡቲሊከም የሚል ስም ተሰጣት።

አሠራሯን ለመረዳት ከቤታችን የእንጀራ ሊጥ እንነሳ። ሊጥ ሲቦካ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ስኳሩን በልተው አሲድና አየር ያወጣሉ፤ ኩምጣጤውና ዓይኑ የሚመጡት ከዚያ ነው። ይህችም ባክቴሪያ አጀማመሯ ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ አሲድ ታወጣለች። አሲዱ ሲበዛና ለራሷ ለሕይወቷ ሲያሰጋት ግን መንገዷን ትቀይራለች፤ አሲዱን መልሳ ትወስድና ወደ ሌላ ነገር ትለውጠዋለች። የሚወጣው ድብልቅ ስድስት እጅ ቡታኖል፣ ሦስት እጅ አሴቶን፣ አንድ እጅ ኤታኖል ነው። (ስለ ኤታኖሉ ጥያቄ ለምታነሱ፣ የፊቅሁን ጉዳይ ለኡስታዞቻችን ትተናል፤ እዚህ የምናወራው ስለ ፋብሪካ ፈሳሽ ነው።) ኦክስጅን ጠላቷ ነው፤ የሚስማማት ሙቀት ከሰውነታችን ሙቀት ጋር ተቀራራቢ ነው። ክፉ ጊዜ ሲመጣባት ስፖር በሚባል ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ተሸሽጋ ትቆያለች።

ዋይዝማን የተጠቀመው ይህንኑ ስፖር ነው። ባክቴሪያዋን ለጥቂት ደቂቃ ያፈላታል፤ ደካሞቹ ያልቃሉ፣ በጠንካራ ስፖር የተሸሸጉት ይተርፋሉ። የተረፉትን አዲስ በቆሎ ላይ ያራባል፤ እንደገና ያፈላል። ይህንን ደጋግሞ ደጋግሞ ሲያደርግ ብዙ ኬሚካል የምታወጣ ዘር ቀረችለት። ዛሬ በጂን ምሕንድስና በአንድ እርምጃ የሚፈለገውን ነገር፣ ጂን ምን እንደሆነ በውል ባልታወቀበት ዘመን፣ በእሳትና በትዕግሥት ተሻገረው። የፈጠራ መብቱን ማመልከቻ ያስገባው በመጋቢት 1915 ነው። የፌርንባክ ወገን የኛ ሥራ ነው ብሎ ቢከራከርም ለንደን ያለው ፍርድ ቤት በ1926 የፈጠራ መብቱን አጸናው።

ቡታኖል ፍለጋ የወጣው ሰው ታዋቂ የሆነው ግን በሦስቱ እጅ፣ በአሴቶኑ ነው። አሴቶንን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብለን እናውቀዋለን። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ የእንግሊዝ መድፎች የሚተኩሱት ኮርዳይት በሚባል ጭስ አልባ ባሩድ ነበር። ባሩዱ የሚሠራው ሁለት ፈንጂ ነገሮችን ለውሶ እንደ ሊጥ በማድረግ ነው፤ ልውሱን የሚያዋሕደው አሴቶን ነው። አሴቶን ያኔ የሚገኘው እንጨት አየር በሌለበት ምድጃ ተጠብሶ ነበር፤ ለአንድ ቶን አሴቶን እስከ 100 ቶን የሚደርስ እንጨት ይፈጃል። ያን ያህል ደን እንግሊዝ ስላልነበራት አብዛኛውን ከአሜሪካ ትገዛ ነበር። በ1915 የጥይት እጥረቱ መንግሥት እስከ መነቅነቅ ደረሰ፤ ሎይድ ጆርጅ የሚመራው አዲስ የጦር መሣሪያ ሚኒስቴርም ተቋቋመ።

ዋይዝማን ለባለሥልጣናቱ የቀረበው በዚህ ጊዜ ነው። የማንቸስተር ጋርዲያን ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ስኮት ወዳጁ ነበርና ከሎይድ ጆርጅ ጋር ያገናኘው እሱ ነው። በማስታወሻው እንዳሰፈረው ከሆነ ያኔ የባሕር ኃይሉ ኃላፊ የነበረው ቸርችል የጠየቀው 30,000 ቶን ነበር። ዋይዝማን እስከዚያ ድረስ የሠራው በላብራቶሪ ዕቃ ነው። ከብልቃጥ ወደ ፋብሪካ ጋን መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ታውቁታላችሁ፤ ነገሩ ድስት ከማስፋት ጋር አይገናኝም።

መጀመሪያ ሥራው የተሞከረው ለንደን ውስጥ ብሮምሊ ባይ ቦው በሚባል ሰፈር፣ ኒኮልሰን በሚባል የጂን መጥመቂያ ነው። የመጠጥ ጋኖቹ መጠጥ ትተው ለአሴቶን ዋሉ። (ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።) ቀጥሎም ዶርሴት ውስጥ ሆልተን ሂዝ ባለው የባሕር ኃይሉ ባሩድ ፋብሪካ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ተቋም ተገነባ፤ ኪንግስ ሊን ላይ ሌላ ተከፈተ፤ ካናዳ ቶሮንቶም አንድ ትልቅ የአልኮል ፋብሪካ ለዚሁ ተመደበ። ከ100 ቶን እህል 12 ቶን ያህል አሴቶንና የዚያን እጥፍ ቡታኖል ይወጣ ነበር።

ትልቁ ፈተና ንጽህና ነበር። የእርሾ ጠመቃ እርሾው ራሱ አልኮል ስለሚያወጣ ሌሎች ተሕዋስያንን በመጠኑ ይከላከላል። የበቆሎ ገንፎ ግን ለማንኛውም ጀርም ክፍት ማዕድ ነው፤ አንድ ባዕድ ጀርም ከገባ በሺህ ሊትር የሚቆጠር ሥራ ይበላሻል። ስለዚህ ጋኑ፣ ቧንቧው፣ ቫልቩ ሁሉ በእንፋሎት መቀቀል ነበረበት። እንዲህ ባለ ስፋት ከጀርም በጸዳ ሁኔታ ማብላላት ሲሠራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ፔኒሲሊን በገፍ ሲመረት የዚህ ዓይነቱ ልምድ ጠቅሟል። ሌላም ማነቆ ነበር፤ ባክቴሪያዋ የምታወጣው ቡታኖል ራሷን ይመርዛታል። ከጋኑ ውስጥ ኬሚካሉ 2 በመቶ ገደማ ሲደርስ ሥራዋን ታቆማለች። የቀረው 98 በመቶ ውሃ ነው፤ ያንን ሁሉ ለማጣራት ነዳጅ ይነዳል። ይህ ችግር እስከ ዛሬም የኢንዱስትሪው ራስ ምታት ነው።

በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በቆሎ የጫኑ መርከቦችን ማስመጥ ሲጀምሩ እህሉ ለሰው ምግብ ተፈለገ። መንግሥት የእንግሊዝ ተማሪ ልጆችን የፈረስ ደረት የሚባለውን ዛፍ ፍሬ እንዲለቅሙ አዘዘ። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ከረጢት ከረጢት ለቀሙ። ፋብሪካ የደረሰው 3,000 ቶን ያህል ነው፤ ብዙው በየባቡር ጣቢያው በሰበሰ። ፍሬውም ለባክቴሪያዋ እምብዛም አልተስማማትም፤ ከዚህ ሁሉ ልፋት የተገኘው አሴቶን ትንሽ ነበር።

እንግዲህ ያ ወሬ የተነሳው ከዚህ ነው። ምንጩ ሎይድ ጆርጅ ራሱ ነው፤ በ1930ዎቹ በጻፈው የጦርነት ማስታወሻ ዋይዝማን ለራሱ ሽልማት አልፈልግም ብሎ ለሕዝቡ እንደጠየቀ፣ የባልፎር ቃል ኪዳንም ከዚያ እንደመጣ አድርጎ ተረከው። ዋይዝማን በ1949 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ በዚህ ተረት ቀልዶበታል፤ ታሪክ በአላዲን ፋኖስ አይሠራም የሚል መልእክት ያለው ምላሽ ነው የሰጠው።

እኛም ማስረጃውን ስናየው ወሬው አይቆምም። አንደኛ፣ እንግሊዝ የነበራት የዋይዝማን አሴቶን ብቻ አልነበረም፤ ከአሜሪካ የሚገዛውም፣ ከእንጨት የሚወጣውም ነበረ። ለምድር ጦሩ ደግሞ አሴቶን የማይፈልግ፣ በኢተርና በአልኮል የሚለወስ ሌላ ኮርዳይት ተሠርቶ ነበር። ሁለተኛ፣ በ1916 አጋማሽ የጦር መሣሪያ ሚኒስትር ሆኖ የአሴቶኑን ጥቅም በቅርብ ያየው ኤድዊን ሞንታጉ አይሁዳዊ ሆኖ ሳለ በካቢኔው ውስጥ ቃል ኪዳኑን አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ዋይዝማን በገንዘብ ተከፍሎታል፤ ከጦርነቱ በኋላ 10,000 ፓውንድ ተሰጠው።

ቃል ኪዳኑን ያመጣው የእንግሊዝ የራሷ ስሌት ነው፤ የስዊዝ ቦይን ደጃፍ መያዝ፣ ፈረንሳይን ከፍልስጤም ማራቅ፣ በአሜሪካና በሩሲያ ያሉ አይሁዶችን ድጋፍ ማግኘት። ይህን መለየት ለኛ ትርፍ ነገር አይደለም። ዋጋ ተከፈለ የሚለው ተረት የንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥትን ውሳኔ የአንድ ሰው ውለታ ያስመስለዋል፤ የእንግሊዝን ተጠያቂነትም ይሸፍናል። አሴቶኑ የሠራው በር መክፈት ነው። ዋይዝማን ባልፎርን በ1906 ማንቸስተር አግኝቶት ነበር። በ1916 ግን የባሕር ኃይሉ ተቀጣሪ ሆኖ ለንደን ሲሠራ የባሕር ኃይሉ ኃላፊ ራሱ ባልፎር ነበር። ቀን ስለ ጋንና ስለ በቆሎ፣ ማታ ስለ ፍልስጤም ይነጋገራል። የሚኒስትሮችን ደጅ እንደ ጠያቂ ሳይሆን እንደ ባለሙያ መርገጥ ልዩነት አለው።

ቃል ኪዳኑ የወጣው ኅዳር 2 ቀን 1917 ነው። ያኔ ከፍልስጤም ነዋሪ አሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ሙስሊምና ክርስቲያን ዐረብ ነበር። ሰነዱ ግን በስማቸው አይጠራቸውም፤ አይሁድ ያልሆኑ በማለት ባልሆኑት ነገር ያነሳቸዋል፤ የፖለቲካ መብታቸውንም አይጠቅስም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1915 እና በ1916 እንግሊዝ ለመካው ሸሪፍ ሑሰይን ስለ ዐረብ ነጻነት ሌላ ቃል ሰጥታ ነበር። ዋይዝማን በ1918 ዐቀባ አካባቢ ከሑሰይን ልጅ ከፈይሰል ጋር ተገናኘ፤ በጥር 1919 ስምምነት ተፈራረሙ። ፈይሰል ከፊርማው አጠገብ በእጁ ጽሑፍ ቅድመ ሁኔታ አስፍሯል፤ ዐረቦች ነጻነታቸውን ካላገኙ ስምምነቱ አይጸናም። ነጻነቱ አልመጣም።

የቀረውን ፖለቲካ ሌሎች ስለጻፉት እናሳጥረዋለን። በ1934 ረሆቮት ላይ ዳንኤል ሲፍ የሚባል የምርምር ተቋም ከፈተ፤ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ እንደገና በኬሚስትሪ ሠራ፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ የነበረ ልጁ ሚካኤል በ1942 በረራ ላይ ጠፍቶ ቀረ። በ1948 እስራኤል ስትመሠረት 700,000 የሚሆኑ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ዛሬም ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ስደተኛ ናቸው። እሱ በ1949 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ሥልጣኑ ግን የክብር ብቻ ነበርና በዚህ ያዝን እንደነበር ይነገራል። ዓይኑ ደክሞ፣ ጤናው ታውኮ፣ ኅዳር 9 ቀን 1952 ረሆቮት ላይ ሞተ።

ባክቴሪያዋ ግን የራሷን መንገድ ቀጠለች። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ቴር ሆት በሚባል ከተማ ፋብሪካ ተከፈተላት። እስከዚያ ድረስ ቡታኖሉ ገዢ ያጣ ተረፈ ምርት ነበር። በ1920ዎቹ ግን የመኪና ፋብሪካዎች ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ፈለጉ፤ ለቀለሙ ማሟሚያ የሚሆነው ከቡታኖል የሚሠራ ፈሳሽ ነበር። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የመኪና ቀለም በአጭር ጊዜ መድረቅ ጀመረ፤ አሁን ደግሞ አሴቶኑ ተረፈ ምርት ሆነ። በ1923 እዚያው ቴር ሆት ጋኖቹ ያለ ምክንያት ይደክሙ ጀመር፤ ምክንያቱ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነበር። እንደ ወተት ቤት እርጎ ሁሉ፣ ባክቴሪያም ታማ ሥራ ታስፈታለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ርካሽ ነዳጅ መጣና ኬሚካሎቹ ከፔትሮሊየም መሠራት ጀመሩ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ከቆዩት አንዱ በአህጉራችን፣ ደቡብ አፍሪካ ጀርሚስተን ከተማ የነበረው ነው፤ ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ሞላሰስ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሠርቷል። ስኳር ፋብሪካ ባለበት አገር ለምንማር ለኛ ሞላሰስ ባዕድ ቃል አይደለም።

በ2001 የባክቴሪያዋ ሙሉ የጂን ዝርዝር ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች እያፈሉ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ የፈለጉትን ጂን ያወጣሉ፣ ያስገባሉ። በ2022 ላንዛቴክ የተባለው ድርጅትና የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህችን ባክቴሪያ ዘመድ በጂን ምሕንድስና ቀይረው ከፋብሪካ የሚወጣ ዓይነት ቆሻሻ ጋዝ እየበላች አሴቶን እንድታመርት ማድረጋቸውን አሳተሙ። እህል የለም፣ እንጨት የለም፤ ምግቧ ወደ ሰማይ ሊለቀቅ የነበረ ካርቦን ነው። ለሥራው የሚሆኑትን ኢንዛይሞች የመረጡትም አሮጌዎቹ የአሴቶን ፋብሪካዎች ከተጠቀሙባቸው፣ ሳይጣሉ ከተጠበቁ የባክቴሪያ ዘሮች ስብስብ ነው።